ስለ አንድ አሮጌ ሽጉጥ፤ የኮልት ሽጉጥ እንደ ታሪክ ማስረጃ

የጦር መሣሪያ የሚሠራው ለመተኰስ ነው። ነገር ግን አንዳንዱ መሣሪያ ከአገልግሎት ከወጣ በኋላ የበለጠ ዋጋ ያገኛል። በአሜሪካ አገር የኮልት ፋብሪካ በ1873 መሥራት የጀመረው ሽጉጥ ከነዚህ አንዱ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። ሰብሳቢዎች ተሰብስበው አንዱን አሮጌ ሽጉጥ እያገላበጡ ብዙ ሰዓት ሲመረምሩት ላየ ሰው ነገሩ ተራ ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ሰዎቹ የሚያደንቁት ምን እንደ ሆነና አድናቆታቸው ከታሪክ ምርምር ጋራ እንዴት እንደሚገናኝ ማስረዳት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አሠራሩን እንመልከት። ሽጉጡ ስድስት ጥይት የሚጎርስ፥ ከበሮ የሚመስል ተሽከርካሪ ብረት አለው። ተኳሹ መምቻውን በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ ሲስብ ከበሮው አንድ ስድስተኛ ይዞርና አዲስ ጥይት በአፈሙዙ ትክክል ይቆማል። ምላጩ ሲሳብ መምቻው ወድቆ ጥይቱን ይመታል። የምላጩ ሥራ መምቻውን መልቀቅ ብቻ ስለ ሆነ፥ ለእያንዳንዱ ተኩስ መምቻውን እንደ ገና በእጅ መሳብ ግድ ነው። ኋላ በመጡት ዓይነቶች ግን ምላጩ ራሱ ሁለቱንም ሥራ ይሠራል። የዚህ ሽጉጥ መምቻ ሲሳብ አራት ጊዜ «ቀጭ» ይላል። ጆሮው የለመደ ሰብሳቢ ይህን ድምፅ ሰምቶ የውስጡ ብረት መበላት አለመበላቱን ይገምታል።

የፋብሪካው መሥራች ሳሙኤል ኮልት የሞተው በ1862 ስለ ሆነ ይህን ሽጉጥ አላየውም። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በ1873 ተቀብሎት ለፈረሰኞቹ አደለው። የፈረሰኛው ሽጉጥ የአፈሙዝ ርዝመት 19 ሴንቲሜትር ነበር። በ1892 ሠራዊቱ ሌላ ዓይነት ሽጉጥ መረጠ። ፋብሪካው ግን ለሕዝብ መሸጡን ቀጥሎ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ድረስ ከ350,000 በላይ ሠራ፤ ከጦርነቱም በኋላ በ1956 እንደ ገና ጀመረ።

ታዲያ ይህን ያህል ብዛት ያለው ዕቃ እንዴት ብርቅ ሊባል ይችላል? መልሱ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ሳይነካ የቀረው ጥቂት በመሆኑ ነው። በ1890ዎቹ ዓመታት ሠራዊቱ አሮጌዎቹን ሽጉጦች ሰብስቦ አፈሙዛቸውን ወደ 14 ሴንቲሜትር አሳጠረ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሽጉጥ በአንድነት ተፈታትቶ ሲገጣጠም የአንዱ ክፍል ከሌላው ጋራ ተደባለቀ። ፋብሪካው ቍጥሩን በሽጉጡ በልዩ ልዩ ክፍሎች ላይ ያትም ስለ ነበር፥ መደባለቁ እስከ ዛሬ ይታወቃል። ስለዚህ አፈሙዙ ያልተቈረጠ፥ ቍጥሩም በየክፍሉ አንድ የሆነ የፈረሰኛ ሽጉጥ ሲገኝ ሰብሳቢዎች እጅግ ይደሰታሉ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መንግሥት የላከው መርማሪ ኦርቪል ኤንስዎርዝ የስሙን መነሻ ፊደላት ያተመባቸው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ይፈለጋሉ። ምክንያቱም በሰኔ ወር 1876 የጄኔራል ከስተር ፈረሰኞች በሊትል ቢግሆርን ወንዝ አጠገብ ከላኮታና ከሸየን ሕዝቦች ጋራ ተዋግተው ድል ሲሆኑ የያዙት የዚህ ዓይነት ሽጉጥ ነበር።

ዋጋው ከፍ ሲል አስመሳዩም ይበዛል። አዲስ ፊደል በአሮጌ ብረት ላይ የሚያትም፥ ቍጥር ፍቆ ሌላ የሚጽፍ አለ። ይሁን እንጂ ጉዳት የሚያደርሰው አታላዩ ብቻ አይደለም። ቅን ባለቤትም ሽጉጡን ለማሳመር ብሎ ሲወለውለውና አዲስ ቀለም ሲያስቀባው የብረቱ ጠርዝ ይሟሟል፤ የመርማሪው ምልክት ይጠፋል። የጠፋው ምልክት ደግሞ ተመልሶ አይገኝም። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰብሳቢ ከሚያብረቀርቀው የታደሰ ሽጉጥ ይልቅ ቀለሙ የለቀቀውን፥ ነገር ግን ያልተነካውን ይመርጣል።

ሌላው ማስረጃ የፋብሪካው መዝገብ ነው። ፋብሪካው የአንዱን ሽጉጥ ቍጥር ተመልክቶ መቼና ለማን እንደ ተላከ የሚገልጽ ደብዳቤ ይሰጣል። ነገር ግን ደብዳቤው የሚመሰክረው ያ ቍጥር ያለው ሽጉጥ መላኩን እንጂ፥ ዛሬ በእጃችን ያለው ያው ራሱ መሆኑን አይደለም። ስለዚህ ብረቱና ወረቀቱ እርስ በርሳቸው መመሳከር አለባቸው። የሕግ አስከባሪው ፓት ጋሬት በ1881 ቢሊ ዘ ኪድ የተባለውን ሽፍታ የገደለበት የኮልት ሽጉጥ በ2021 ከ6 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ በሐራጅ ተሽጧል። ይህን ያህል ዋጋ ያስገኘው የብረቱ ውበት ሳይሆን፥ ሽጉጡ የዚያ ሰው መሆኑ በማስረጃ መደገፉ ነው።

ሰብሳቢዎች በመካከላቸው የሚጠብቁት ሥርዓት አለ። ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ የሰው ሽጉጥ አያነሡም፤ ካነሡም በኋላ በመጀመሪያ ባዶ መሆኑን ያረጋግጣሉ። መምቻውንም በባዶው አይለቁትም። የእጅ ላብ ብረትን ስለሚያዝግ፥ ከማስቀመጣቸው በፊት በጨርቅ ይጠርጉታል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን ዕቃው ለሰው መግደያ የተሠራ መሆኑን ሊያስረሳ አይገባም። እንዲያውም በእውነት የተመረመረ ሽጉጥ ማን በማን ላይ እንደ ተኰሰበት ጭምር ያሳስባል።

በአገራችንም በብራና መጻሕፍት ላይ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም የተጻፈበት ይገኛል። መጽሐፉ ቢነበብም፥ ከማን እጅ ወደ ማን እንደ ተላለፈ ማወቅ ያስቸግራል። ከአባቶቹ አሮጌ ዕቃ የወረሰ ሰው ሁሉ እንግዲህ ከመወልወሉ በፊት በላዩ ያለውን ጽሕፈትና ምልክት አስቀድሞ ቢመዘግብ፥ ለራሱም ለተመራማሪውም ይጠቅማል።