የሐበቱ ሰውዳ ዘይት፦ ጠርሙሱ ውስጥ ምን አለ?



ከጁምዓ ሶላት ስንወጣ በመስጂድ በር ላይ የሐበቱ ሰውዳ ዘይት ሲሸጥ ያላየ ተማሪ ያለ አይመስለንም። ሻጩ «ለስኳር፣ ለግፊት፣ ለካንሰር» እያለ ይዘረዝራል። ችግሩ የሚመጣው ታማሚው ይህን ሰምቶ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ሲያቋርጥ ነው።

ሐበቱ ሰውዳ ማለት እናቶቻችን በርበሬ ውስጥ የሚጨምሩት፣ ዳቦ ላይ የሚነሰንሱት ጥቁር አዝሙድ ነው። (ነጭ አዝሙድ ሌላ ተክል ነው፤ አይምታታብን።) ፍሬው ሁለት ዓይነት ዘይት ይዟል። አንደኛው ሲጨመቅ የሚወጣው ወፍራም ዘይት ሲሆን የፍሬውን ክብደት ሲሶ ያህል ይሆናል። ከዚህም ግማሽ ያህሉ ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ ይህ አሲድ በሱፍ ዘይት ውስጥም በብዛት ይገኛል። ሁለተኛው ሽታውን የሚሰጠው፣ በእንፋሎት የሚለየው ተናኝ ዘይት ነው። ከ100 ግራም ፍሬ የሚገኘው 1 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ተመራማሪዎች በብዛት የሚያጠኑት ታይሞኩይኖን ያለው ግን በዚህ ጥቂት ዘይት ውስጥ ነው፤ ፓራ ሳይሚንና ካርቫክሮልም አብረውት አሉ። ፍሬው ሲጨመቅ ከተናኙ ዘይት ጥቂቱ አብሮ ስለሚወጣ፣ በገበያ የምንገዛው ጠርሙስ በአብዛኛው ወፍራሙ ዘይት ነው። የታይሞኩይኖኑ መጠን እንደ ፍሬው ዝርያ፣ እንደበቀለበት መሬትና እንደ አጨማመቁ ይለያያል። ብርሃንም ስለሚያበላሸው፣ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ የዋለውን ነጭ ጠርሙስ ባንገዛው ይሻላል።

ታይሞኩይኖን በቤተ ሙከራ እብጠትንና አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ሲቀንስ ታይቷል። በሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶችም ጥቁር አዝሙድ የደም ስኳርን፣ ግፊትንና ኮሌስትሮልን በመጠኑ እንደሚቀንስ የተገኘባቸው አሉ። ካንሰርን በተመለከተ ግን አብዛኛው ሥራ የተሠራው በሴሎችና በአይጦች ላይ ነው። ከአይጥ ተነስቶ ሰውን ማዳን ረጅም መንገድ ነው።

«ታዲያ ሐዲሱስ?» የሚል ይኖራል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐበቱ ሰውዳ ከሞት በቀር የበሽታ ሁሉ ፈውስ እንዳለበት መናገራቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል፤ በዚህ ጥርጥር የለንም። ነገር ግን ኢማም አል-ኸጣቢን የመሰሉ ዑለማዎች ቃሉ ጥቅል ሆኖ የተፈለገበት መልዕክት የተለየ ነው፤ ማለትም ለሚስማማው በሽታ ነው ብለው አብራርተዋል። ሰበብ ማድረስንና መታከምን ያስተማሩንም እሳቸው ናቸው። ሐዲሱ ኢንሱሊን ጣሉ አይልም። ወላሁ አዕለም።

በምግብ ውስጥ የምንበላው መጠን ለጤናማ ሰው አያሰጋም። ዘይቱን እንደ መድኃኒት የሚወስድ ግን ይጠንቀቅ፦ ከስኳር መድኃኒት ጋር ሲደመር ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ፣ ደም ከሚያቀጥኑ እንደ ዋርፋሪን ካሉ መድኃኒቶች ጋር ደግሞ መድማትን ሊያባብስ ይችላል። ነፍሰ ጡሮች በብዛት አይውሰዱት። ቆዳ ላይ መቀባት የፈለገም መጀመሪያ ክንዱ ላይ ጥቂት ጠብ አድርጎ አንድ ቀን ይጠብቅ፤ ቆዳቸው የቆጣባቸው ሰዎች አሉና። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የምትወስዱትን ዘይት ሳትደብቁ ንገሩት።