መነጽሯን ከማስወለቃችን በፊት

የመጨረሻ ልጄ መነጽር ያደረገችው 4ኛ ክፍል ሳለች ነው። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ልትጨርስ ወራት ሲቀሯት፣ ውጭ አገር የሚኖረው አጎቷ «የምረቃ ስጦታሽ ዓይንሽን በሌዘር መታከም ይሁን፤ ወጪው በእኔ» አላት። እኔም ደስ አለኝ። ሕክምናው ደቂቃዎች ብቻ እንደሚፈጅ ሰምቼ ስለነበር፣ ለምርመራ ስንሄድ የቀዶ ሕክምናውን ቀን ይዘን የምንመለስ መስሎኝ ነበር።

ሐኪሟ የዓይኗን ብሌን ካርታ በመሣሪያ አንስተው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያም «ላሲክ አልሠራላትም» አሉን። ልጄ አቀረቀረች። እኔ ደግሞ ገንዘቡ ተገኝቶ ለምን እንደምንከለከል አልገባኝም። ሐኪሟ ወረቀት አውጥተው ያስረዱን ጀመር።

ብሌን የዓይናችን ፊት ለፊት ያለው፣ እንደ መስታወት የጠራው ሽፋን ነው። ዓይን ባንክ ከለጋሾች የሚሰበስበው እሱን ነው። መሐሉ ላይ በአማካይ 540 ማይክሮን፣ ማለትም ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ይወፍራል። ቅርጹን ጠብቆ የሚያቆመው ኮላጅን የሚባል ክር ሲሆን፣ ክሮቹ ይበልጥ ተጠላልፈው የሚጠነክሩት በፊተኛው ክፍል ነው። ላሲክ የሚነካውም ይህንኑ ወገን ነው።

በላሲክ መጀመሪያ 110 ማይክሮን ያህል የሚወፍር ክዳን ተቆርጦ ይገለጣል። ከዚያ ሌዘሩ ከሥሩ ያለውን ይልጣል፤ ሩቅ ማየት ለሚቸገር ሰው ለአንድ የመነጽር ቁጥር በግምት 15 ማይክሮን ይነሳል። በመጨረሻ ክዳኑ ቦታው ይመለሳል፤ የቀድሞ ጥንካሬው ግን አብሮት አይመለስም። ከዚያ በኋላ ዓይንን የሚሸከመው ከሥር የተረፈው ነው።

የልጄ ብሌን 490 ማይክሮን፣ የመነጽር ቁጥሯ 7 ነው። 110 ለክዳኑ፣ 105 ለሌዘሩ ሲቀነስ 275 ይቀራል። ቀደም ሲል 250 ከተረፈ ይበቃል ይባል ነበር፤ አሁን ብዙ ሐኪሞች 300 ይመርጣሉ። ከሁሉ በላይ ግን ካርታው ላይ የብሌኗ የታችኛው ክፍል መሾል ጀምሯል።

የደከመ ብሌን በዓይን ውስጥ ባለው ግፊት ወደ ፊት እየተገፋ ይሾላል፤ እይታም ይዛባል። ከላሲክ በኋላ ይህ ሊደርስ እንደሚችል ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎ ዛይለርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1998 ጽፈዋል። የሚደርሰው በጥቂቶች ላይ ነው፤ አስቀድሞ ሾል ያለ ብሌን ግን ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ክዳን የማይቆረጥበት የሌዘር ዘዴም ቢሆን ብሌኑን ስለሚያሳሳ ለእሷ አልተመከረም።

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረው «ልጅ ሳለች ዓይኗን ታሽ ነበር?» አሉኝ። ዝም አልኩ። አቧራ ሲነሳ ዓይኗ እየቀላ ያሳክካት፣ በሁለት እጇም ታሸው ነበር። እኔ «ስታድግ ይተዋታል» እያልኩ አለፍኩት። የዓይን አለርጂ ያለበት ልጅ ዓይኑን ደጋግሞ ሲያሽ ብሌኑ የመሾል ዕድሉ እንደሚጨምር ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

አሁን በየጊዜው ክትትል ታደርጋለች። መሾሉ ከባሰ፣ የቫይታሚን ቢ2 ጠብታና አልትራቫዮሌት ጨረር በመጠቀም ብሌንን የሚያጠነክር ሕክምና አለ። ዋና ሥራው ችግሩን ባለበት ማቆም ስለሆነ ቶሎ መድረስ ይበጃል።

ልጆቻችሁ ሌዘር ካሰቡ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ዕድሜያቸው 18 ሞልቷል? የመነጽር ቁጥራቸው ቢያንስ ለአንድ ዓመት ሳይለወጥ ቆይቷል? ብሌናቸው ስንት ማይክሮን ነው? ስንት ይተርፋል? ካርታው ምን ያሳያል? ኮንታክት ሌንስ የሚያደርጉ ከሆነ ደግሞ ከምርመራው ስንት ቀን በፊት ማውለቅ እንዳለባቸው ሐኪሙን ጠይቁ፤ ልኬቱን ያዛባልና። ዓይኑን የሚያሽ ትንሽ ልጅ ካላችሁ እንደ እኔ አትዘግዩ፤ ዛሬውኑ አሳዩት።

አጎቷ ነገሩን ሲሰማ «እንግዲያው ጥሩ መነጽር ትግዛበት» አለ። ልጄ አዲሱን መነጽር ራሷ መርጣለች። ለምረቃዋ የምታደርገው እሱን ነው።