ጠብታዋ ከጓሯችን ትደርስ ይሆን?

አንድ ገበሬ ለቲማቲሙ 10 ባልዲ ውሃ በቦይ ቢለቅ ለተክሉ የሚደርሰው ምን ያህሉ ይመስላችኋል? የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) በመስኖ መመሪያው እንደሚገምተው 6ቱ ያህል ብቻ ነው። የቀረው ይተናል፣ ወይም ከሥሩ አልፎ ወደ መሬት ይሰርጋል። በጠብታ መስኖ ግን 9ኙ ያህል ከተክሉ ይደርሳል። ውሃ ከሩቅ ቀድታ በጀርባዋ ለምታመጣ እናት የ3 ባልዲ ልዩነት ቀላል ነገር አይደለም።

አሠራሩ እንዴት ነው?

ጠብታ መስኖ ከተክሎቹ ሥር በተዘረጋ የፕላስቲክ ቱቦ ውሃን በጥቂት በጥቂቱ የሚያጠጣ ዘዴ ነው። በቱቦው ላይ በየተወሰነ ርቀት ያሉት ማንጠባጠቢያዎች አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት ከ1 እስከ 4 ሊትር ያወጣሉ። የሚርሰው የተክሉ ዙሪያ ብቻ ስለሆነ በመደብ መካከል አረም ይቀንሳል። ቅጠሉም ስለማይርስ እርጥበት የሚያመጣቸው የቅጠል በሽታዎች ይቀንሳሉ። ማዳበሪያም ከውሃው ጋር ተሟሙቶ ሊሰጥ ይችላል።

ይሁን እንጂ ለሁሉም ሰብል አይሆንም። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ጎመን፣ ሽንኩርትና ፍራፍሬ በመስመር ስለሚተከሉ ይስማማቸዋል። ተበትኖ ለሚዘራው ጤፋችን ግን አይመችም።

ከአንድ ዛፍ የተነሣ ኢንዱስትሪ

ሲምኻ ብላስ የተባለ የውሃ መሐንዲስ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዛሬ እስራኤል በሆነችው ምድር ከሌሎቹ ዛፎች ይልቅ የገዘፈ አንድ ዛፍ አየ። ምክንያቱን ሲመረምር ከሥሩ ከሚያፈስ ቧንቧ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ አገኘ። ሐሳቡ ግን ርካሽ የፕላስቲክ ቱቦ እስኪመጣ ድረስ ብዙ ዓመታት ጠበቀ። በ1965 ብላስ በኔጌቭ በረሃ ከሚገኘው ከሐጼሪም የጋራ መንደር (ኪቡትዝ) ጋር ተስማማና ኔታፊም የተባለው ኩባንያ ተመሠረተ። በ2018 ሜክሲኬም የተባለ የሜክሲኮ ኩባንያ የኔታፊምን 80 ከመቶ ድርሻ ሲገዛ፣ የኩባንያው ጠቅላላ ዋጋ ወደ 1.9 ቢሊዮን ዶላር ተገምቶ ነበር።

በሕንድም ጀይን ኢሪጌሽን ከማሃራሽትራ ተነሥቶ ከዓለም ታላላቆቹ አንዱ ሆነ። የሕንድ መንግሥት ለአነስተኛ ገበሬዎች ከዕቃው ዋጋ 55 ከመቶውን የሚደጉምበት መርሐ ግብር ኢንዱስትሪው እንዲስፋፋ ብዙ ረድቶታል። ዕቃው መልካም ስለሆነ ብቻ ወደ ድሃው ማሳ እንዳልገባ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ዋጋውን የሚካፈል አካል ያስፈልግ ነበር።

በአገራችን ጠብታ መስኖ በስፋት የታየው ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በዝዋይ፣ በሆለታና በሌሎችም አካባቢዎች በተስፋፉት የአበባ እርሻዎች ነው። ገንዘብ፣ ፓምፕና ባለሙያ ላለው እርሻ ነገሩ አያስቸግርም። ጥያቄው ግማሽ ጥማድ መሬት ላለው ቤተሰብ ነው።

ባልዲ የሚበቃው መስኖ

ለዚህ መልስ ከፈለጉት አንዱ በኒውዮርክ ግዛት የዋተርታውን ከተማ ሰው የነበረው ሪቻርድ ቻፒን ነው። በንግዱ ዓለም የጠብታ ቱቦ አምራች ሲሆን፣ ለድሃ ቤተሰቦች ደግሞ በባልዲ የሚሠራውን አስፋፋ። 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይሰቀላል። ውሃው ያለ ፓምፕ በራሱ ክብደት ወደ ቱቦው ይወርዳል። ጠዋትና ማታ ባልዲውን መሙላት ለትንሽ የጓሮ አትክልት ይበቃል።

ዘዴው ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በኬንያ ተሰራጭቶ ነበር። በ2005 የታተመ ጥናት ግን ከተጠቃሚዎቹ አንዳንዶቹ ለምን እንዳቋረጡት መረመረ። ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች ሁለቱ የጥገና ጉድለትና የማያስተማምን የውሃ አቅርቦት ነበሩ። ባልዲው ውሃ ይቆጥባል እንጂ ውሃ አይፈጥርም።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። በ2018 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ገበሬዎች ባተረፉት ውሃ ተጨማሪ መሬት ሲያለሙ ወንዙና ሐይቁ ምንም ላያተርፉ ይችላሉ። ስለዚህ ጎረቤታሞች ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ከሆነ፣ ማን ምን ያህል እንደሚወስድ አስቀድሞ መመካከር ተገቢ ነው።

ባልና ሚስት ሊነጋገሩበት የሚገባ

ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ባልና ሚስት ቁጭ ብለው እነዚህን ቢወያዩባቸው መልካም ነው፦

1. ውሃውን ማን ይቀዳል? ባል ዕቃውን ገዝቶ ሸክሙን ለሚስቱ ብቻ ቢተው፣ ለእርስዋ ጠብታ መስኖ ሌላ የሥራ ጫና ነው። ተራ መግባት ይቻላል።

2. ማጣሪያውን ማን ያጥባል? ትንሽ አሸዋና ዝቃጭ ማንጠባጠቢያውን ይደፍነዋል። ማጣሪያውን አዘውትሮ ማጠብ፣ የቱቦውንም ጫፍ አልፎ አልፎ ከፍቶ ቆሻሻውን ማስወጣት ያስፈልጋል። ባልዲው ክዳን ይኑረው፤ ብርሃን ከገባ አልጌ ይበቅላል።

3. መለዋወጫ ከየት ይገኛል? የተቀደደ ቱቦ የሚተካበት ሱቅ በአቅራቢያ ከሌለ ገንዘቡ በአንድ ወቅት ሊቀር ይችላል።

4. ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ለምን ይውላል? የልጆች ደብተር ነው ወይስ ሁለተኛ ባልዲ? ይህ ከመከሩ በፊት ቢወሰን ከመከሩ በኋላ ጭቅጭቅ አይኖርም።

አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ። ሁሉን ማሳ በአንድ ጊዜ ከመለወጥ በአንድ መደብ ጎመን መጀመር ይሻላል። ጎን ለጎን ሌላውን መደብ እንደ ቀድሞው አጠጡት። የፈሰሰውን ባልዲ፣ የወጣውን ገንዘብና የተሸጠውን እስር በደብተር መዝግቡ። ከአንድ ወቅት በኋላ ሁለታችሁም ደብተሩን ከፍታችሁ፣ ሁለተኛውን ባልዲ መግዛት አለመግዛታችሁን ራሳችሁ ትወስናላችሁ።