የፎቶው ማስተካከያ የት ይቀመጣል?

ካሜራ ፎቶን በዋናነት በሁለት መልክ ያስቀምጣል። አንዱ ጄፔግ ነው፤ ቀለሙንና ብርሃኑን ካሜራው ራሱ ወስኖ፣ ትርፍ ያለውን መረጃ ጥሎ ያስረክባል። ሌላው ሮው ወይም ጥሬ ፋይል ይባላል። በዚህኛው ሴንሰሩ የለካው ብርሃን እንዳለ ይቀመጣል።

ጥሬ ፋይል ገና ፎቶ አይደለም። በአብዛኞቹ ካሜራዎች የሴንሰሩ እያንዳንዱ ነጥብ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ አንዱን ብቻ ይለካል። ለዚህ አደራደር የኮዳኩ ብራይስ ባየር እ.ኤ.አ. በ1976 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። የጎደሉትን ሁለት ቀለሞች ከአጎራባች ነጥቦች እያሰላ የሚሞላው ሶፍትዌሩ ነው። ስሌታቸው ስለሚለያይም አንድ ፋይል በሁለት ሶፍትዌሮች ሲከፈት መልኩ አንድ አይሆንም።

ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃዎች ሲኖሩት፣ ባለ14 ቢት ጥሬ ፋይል 16,384 አለው። በቀትር ፀሐይ የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ ፎቶ የተነሳች ሙሽራን እንውሰድ። በጄፔጉ ትከሻዋ ላይ ያለው ሸማ ሽመናው ጠፍቶ ወጥ ነጭ ሊሆን ይችላል። በጥሬው ግን፣ ብርሃኑ ከሴንሰሩ አቅም እስካላለፈ ድረስ፣ ድምቀቱ ሲቀነስ ድርና ማጉ ተመልሶ ይታያል።

እንዲህ ሲስተካከል ጥሬው ፋይል አይነካም። ሶፍትዌሩ የሚጽፈው ትእዛዝ ነው፦ ድምቀቱን ይህን ያህል ቀንስ፣ ጥላውን ይህን ያህል አንሳ። የማስተካከያ ሶፍትዌር ምርጫውን የሚወስነው፣ በእኔ እይታ፣ ይህ ትእዛዝ የሚጻፍበት ቦታ ነው። ላይትሩም ክላሲክ የተባለው ሶፍትዌር ካታሎግ በሚባል የራሱ መዝገብ ያኖረዋል፤ ከታዘዘ ደግሞ ከፎቶው ጎን ኤክስኤምፒ በሚባል ትንሽ ፋይል ይጽፈዋል። ዳርክቴብል የተባለው ሌላ ሶፍትዌር በራሱ መዝገብም ከፎቶው ጎንም ይጽፋል። ነገር ግን ያንዱን የቀለምና የብርሃን ትእዛዝ ሌላው በሙሉ አይረዳውም።

ይህ ምን እንደሚያስከትል በአፐርቸር ታይቷል። አፕል ይህን ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2005 አውጥቶ በ2014 ሥራውን ማቆሙን አስታወቀ። ፎቶዎቻቸውን ወደ ላይትሩም ያሻገሩ ሰዎች የሰጧቸው ኮከቦችና ቁልፍ ቃላት ተከተሏቸው፤ የዓመታት ማስተካከያቸው ግን አልተከተለም።

ክፍያም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የላይትሩም ክላሲክ ክፍያ ሲቋረጥ ፎቶዎቹን ማየትና ማውጣት ይቻላል፤ ዋናው የማስተካከያ ክፍል ግን ይዘጋል። ዳርክቴብልና ሮውቴራፒ የተባለው ሌላ ሶፍትዌር ነፃ ናቸው። ሮውቴራፒ ፎቶ በማደራጀት በኩል ደካማ ነው። ዳርክቴብል ማስተካከሉንም ማደራጀቱንም ይሠራል፣ ለመልመድ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

በየወሩ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ለሚቸግረው ባለሙያ ዳርክቴብል ይሻለዋል እላለሁ። ሠርግ በሠርግ ላይ ለሚደራረብበትና መክፈል ለሚችል ላይትሩም ሥራ ያፈጥናል። ላይትሩምን ከመረጡ ኤክስኤምፒ መጻፊያው መከፈቱን ዛሬውኑ ያረጋግጡ፤ ያለቀላቸውን ፎቶዎችም በጄፔግ አውጥተው በሌላ ሃርድ ዲስክ ያስቀምጡ።