ኳንተም፦ ከጣሪያችን ሶላር እስከ ኪውቢት



ኳንተም የሚለው ቃል ከካፌ ወሬ አልፎ ከሶላት በኋላ በምናደርገው ጨዋታ ውስጥም መግባት ጀምሯል። አንዱ «መልሶችን ሁሉ በአንዴ የሚሞክር ኮምፒውተር መጣ» ይላል። ሌላው «ሳይንስ ገይብን አረጋገጠ» የሚል ቪዲዮ ይልክልናል። ሁለቱም ልክ አይደሉም፤ ለምን እንደሆነ ለማየት ከቅርባችን እንነሳ።

በጦርነቱ ጊዜ መቐለ መብራት ስታጣ ስልክ ቻርጅ ያደረግንበት ሶላር የኳንተም ዕቃ ነው። ብርሃን ጉልበቱን የሚያስረክበው እየቆጠረ፣ ፎቶን በሚባሉ እሽጎች ነው። አንዱ ፎቶን በሲሊከኑ ውስጥ ያለውን ኤሌክትሮን ለማስለቀቅ የሚበቃ ጉልበት ከሌለው ደካሞቹ ቢበዙም አይጠቅሙም። ታሪፉ 10 ብር በሆነ ባጃጅ 5 ብር ብቻ የያዙ መቶ ሰዎች ቢሰለፉ፣ ማዋጣት ከተከለከለ አንዱም አይሳፈርም። የእሽግን ሐሳብ ማክስ ፕላንክ በ1900 እ.ኤ.አ. አመጣው፤ አንስታይን በ1905 ብርሃን ከብረት ላይ ኤሌክትሮን የሚያስለቅቅበትን መንገድ አብራራበት።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ። ተራው ቢት ወይ 0 ወይ 1 ነው። ኪውቢት ግን ለ0 አንድ ቁጥር፣ ለ1 ሌላ ቁጥር ይይዛል፤ ስንለካው 0 ወይም 1 የመውጣቱ ዕድል የሚገኘው ከእነዚህ ቁጥሮች ስኩዌር ነው። ቁጥሮቹ ኔጌቲቭም መሆን ይችላሉ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በ0 ላይ ያለን ኪውቢት ሃዳማርድ በሚባለው ጌት ብናሳልፈውና ብንለካው እንደ ሳንቲም ግማሽ በግማሽ ይወጣል። ሳንለካ ሁለተኛ ጊዜ ብናሳልፈውስ? ሳንቲም ሁለቴ ቢወረወርም ያው ግማሽ በግማሽ ነው፤ ኪውቢቱ ግን በእርግጠኝነት ወደ 0 ይመለሳል። ወደ 1 የሚወስዱት ሁለት መንገዶች አንዱ +½፣ ሌላው −½ ስለያዙ ተጣፉ፤ ወደ 0 የሚወስዱት ሁለቱም +½ ስለሆኑ ተደምረው 1 ሆኑ።

ስለዚህ «ሁሉንም በአንዴ ይሞክራል» ማለት ያሳስታል። በመጨረሻ ስንለካ የምናገኘው አንድ መልስ ብቻ ነው፤ ጥበቡ የተሳሳቱት መልሶች እርስ በርስ እንዲጣፉ ማድረግ ነው። ይህ የሚሳካው ለጥቂት የስሌት ዓይነቶች ነው። ከታወቁት አንዱ ፒተር ሾር በ1994 ያገኘው፣ ትልቅ ቁጥርን ወደ አካፋዮቹ የሚበትነው ስልት ነው። አይቢኤም በ2001 በ7 ኪውቢት 15ን ወደ 3 እና 5 በተነ። ያስቃል፤ ግን አርኤስኤ የተባለው የኢንተርኔት ምስጢር መጠበቂያ የቆመው ከ600 አሃዝ በላይ ያለውን ቁጥር መበተን ስለሚከብድ ነው። ለዚህም ነው የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም በ2024 ኳንተምን ይቋቋማሉ የተባሉ አዳዲስ ስልቶችን ያወጣው። ገንዘባችንን በስልክ የምናንቀሳቅስ ሁሉ ጉዳዩ ይመለከተናል።

የገይቡ ነገርስ? የአንድ ኤሌክትሮን ውጤት አስቀድሞ አይታወቅም፤ ዕድሉ ግን በትክክል ይሰላል፣ በላብራቶሪም ይፈተሻል። ገይብ አላህ ዘንድ ያለ ዕውቀት ነው፤ በመሣሪያ የሚለካ ነገር አይደለም። በዚያ ላይ የዴቪድ ቦም ትርጓሜ ምንም ዕጣ ሳያስገባ ተመሳሳይ የሙከራ ውጤቶችን ይሰጣል። ስለዚህ «ፊዚክስ ቀደርን አረጋገጠ» ወይም «አፈረሰ» የሚል ሰው ከትርጓሜዎቹ የሚመቸውን መርጦ ነው የሚናገረው። ኢማናችንን በእንዲህ ያለ ነገር ላይ ማንጠልጠል ለምን ያስፈልገናል? በበስራ የተወለደው ኢብኑል ሀይሠም የብርሃንን ጠባይ በሙከራ ሲያጠና፣ የታላቁን የበጥሊሞስን ሥራ ሳይቀር በጥርጣሬ የመረመረ ሙስሊም ነበር። የተላከልንን ቪዲዮ እንዲሁ መመርመር ይቻለናል።

መማር ለምትፈልጉ ወንድሞችና እህቶች፦ መነሻው የማትሪክስና የኮምፕሌክስ ቁጥር ትምህርት ነው፤ ኢንጂነሪንግ ላይ ያለን እንወስደዋለን። አይቢኤም ከ2016 ጀምሮ የኳንተም ኮምፒውተር በኢንተርኔት ለሕዝብ ስለከፈተ፣ ከላይ ያለውን ሙከራ በስልክ ኢንተርኔትም ቢሆን መሞከር ይቻላል። በአንድ ሃዳማርድ ግማሽ በግማሽ ገደማ፣ በሁለት ሃዳማርድ 0 ይወጣል። ከ0ዎቹ መሃል ጥቂት 1 ብታገኙ አትደንግጡ፤ የመሣሪያው ስህተት ነው።