የራዲያተር ቱቦ ዋጋ ጉምሩክ ላይ ነው የናረው

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ውስጥ ፒክአፕ ያለው ሰው የሚያማርረው ስለ መለዋወጫ ነው። ሽንኩርትና ብሎኬት የሚያመላልስ መኪና የራዲያተር ቱቦው ሲቀደድ ባለቤቱ ጋራዥ መሄዱን ትቶ ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ ቱቦ ያስገዛል። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ በካቻቪቴ ማሰሪያውን ይፈታና ግቢው ውስጥ ራሱ ይቀይራል። የእጅ ዋጋ ይተርፈዋል፤ የቱቦው ዋጋ ግን አይቀርለትም።

ለዚህ ዋጋ ሁሉም ሰው አንድ ምክንያት ይሰጣል፤ ዶላር እጥፍ ስለሆነ ዕቃውም እጥፍ ሆነ ይላል። ስሌቱ እንደዚያ አይሄድም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ሲወሰን ባንክ ዶላርን በ57 ብር ገደማ ይሸጥ ነበር። መለዋወጫ የሚያስመጣው ትንሽ ነጋዴ ግን በዚያ ዋጋ ዶላር አያገኝም ነበር። ወረፋው ስለማይደርሰው በትይዩ ገበያ ከ110 ብር በላይ እየከፈለ ይገዛ ነበር። ነሐሴ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ባወጣው ልዩ ጨረታ አማካይ ዋጋው 107.9 ብር ሲሆን፣ ለዚህ ነጋዴ የዶላር ዋጋ እምብዛም አልተነካም። ባንኩ እሱ ወደነበረበት መጣ እንጂ።

ታዲያ ምን ተቀየረ? የቀረጡ መሠረት። ጉምሩክ የዕቃውን ዋጋ ወደ ብር የሚመልሰው በባንክ ምንዛሪ ነው፤ ነጋዴው ዶላሩን በስንት እንደገዛው አይጠይቅም። ቀረጡ፣ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶው ሱር ታክስ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረቡ የሚሰሉት በዚያ ብር ላይ ነው። ለስሌት ያህል ወደብ ላይ 5 ዶላር የሚያወጣ ቱቦ እንውሰድና ጠቅላላ ታክሱን 40 በመቶ እናድርገው። ነጋዴው በፊት ለዶላሩ 550 ብር ያወጣል፤ ጉምሩክ ግን ቱቦውን በ285 ብር ስለሚገምተው 114 ብር ብቻ ይቀበለዋል፤ ድምሩ 664 ብር ይመጣል። ከለውጡ በኋላ ባንኩም 110 ብር ሲል የዶላሩ ወጪ ያው 550 ሆኖ ታክሱ 220 ብር ይገባል፤ ድምሩ 770 ነው። የጨመረችው 106 ብር በሙሉ ታክስ ናት። የታክሱ መጠን በአንድ በመቶ እንኳ ሳይነካ፣ አዲስ አዋጅም ሳያስፈልግ፣ መንግሥት ከአንድ ቱቦ የሚያገኘው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

በዚህ ስሌት ዋጋው መጨመር የነበረበት 16 በመቶ ነው። ከዚያ በላይ የሄደበትን ምክንያት ለመረዳት ብር በኋላም መውረዱን መቀጠሉን እናስብ። ነጋዴውም መደርደሪያው ላይ ያለውን ዕቃ የሚሸጠው በገዛበት ሳይሆን ነገ በሚተካበት ዋጋ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አሮጌው መኪና ዕድሜው እንዲረዝም ተገዷል፤ መለዋወጫ ፈላጊውም በዝቷል።

የስታቲስቲክስ አገልግሎት የዋጋ ንረት ረገበ ሲል ባለፒክአፑ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ንረቱ በሚለካበት የዕቃዎች ቅርጫት ውስጥ ምግብ ከግማሽ በላይ ሚዛን ስለሚይዝ የቱቦ ዋጋ ብዙም አይታይበትም። ንረት ረገበ ማለትም ዋጋ በዝግታ ጨመረ ማለት እንጂ ተመለሰ ማለት አይደለም።

መዘዙ ሩቅ አይደለም። ቱቦው ተወደደ ብሎ በላስቲክና በሽቦ ጠቅልሎ ወደ እንጦጦ ዳገት የሚወጣ ሰው ሞተሩን ያሞቀዋል፤ ከዚያ ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፣ ቴስታታ ይጣመማል። ያ ወጪ ዞሮ ሽንኩርቱ ላይ ይጫናል። ገንዘብ ሚኒስቴር የገቢ ዕድገቱን ሲያበስር፣ ምን ያህሉ ከንግድ መስፋፋት፣ ምን ያህሉ ከምንዛሪ ለውጥ ብቻ እንደመጣ ለይቶ ያሳየን። ያ ቁጥር እስኪወጣ ድረስ ሶማሌ ተራን ብቻ መውቀስ ላኪውን ትቶ መልእክተኛውን መያዝ ነው።