የባሮ ወንዝ የጭነት መርከቦች

የባሮ ወንዝ የጭነት መርከቦች በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በካርቱምና በጋምቤላ መካከል ይመላለሱ የነበሩ የሱዳን መንግሥት የእንፋሎት መርከቦች ናቸው። ከካርቱም ተነሥተው በነጭ ዓባይ፣ ቀጥሎ በሶባት ወንዝ ናስርን አልፈው ወደ ባሮ ይገቡ ነበር። ዓባይ በጥልቅ ገደል መካከል ስለሚወርድ ለጭነት መርከብ አልተመቸም።

ከዚያ በፊት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዓባይ ደቡብ የሚመጣው ቡና፣ ዝባድና ወርቅ፣ ለባርነት የተሸጡ ሰዎችም ጭምር፣ በሲራራ ነጋዴዎች ወደ ጎጃም ይሻገር ነበር። በየጁቤ አካባቢ የነበረው የባሶ ገበያ የዚህ ንግድ ትልቅ መገናኛ ሲሆን፣ ዕቃው ከዚያ በጎንደር በኩል እስከ ምጽዋ ይጓዝ ነበር።

የወንዙ መንገድ የተከፈተው ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ባደረጉት ውል ነው። ውሉ በኢታንግ አቅራቢያ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ፣ በወንዙ ዳር ከ2,000 ሜትር ያልረዘመ መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ ይሰጣል። ቦታው ለንግድ ብቻ እንጂ ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ሥራ እንዳይውል ይከለክላል። ጣቢያው በመጨረሻ የተቋቋመው ከኢታንግ በላይ፣ ጋምቤላ ላይ ነው።

መርከቦቹ በማገዶ እንጨት ይሠሩ ነበር፤ ጭነቱም ከጎናቸው በሚታሰሩ ጀልባዎች ላይ ይደረደር ነበር። ወደ ጋምቤላ ሲመጡ ጨውና ጨርቅ፣ ሲመለሱ በዋናነት ቡና፣ ከዚያም ሰምና ቆዳ ይጭናሉ።

ችግሩ የውኃው ወቅት ነበር። ባሮ መርከብ የሚሸከመው በክረምት፣ በግምት ከሰኔ እስከ ጥቅምት ብቻ ነው። ቡና ግን የሚለቀመው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ በበጋ ከጎሬና ከቡሬ (ከኢሉባቦሩ እንጂ ከጎጃሙ አይደለም) በበቅሎና በሰው ትከሻ የወረደው ቡና እስከ ሰኔ መጋዘን ውስጥ ይቆያል፤ የነጋዴው ገንዘብም አብሮ ይታሰራል። ውኃው ሳይጎድል ያልተመለሰ መርከብ ደግሞ እስከሚቀጥለው ክረምት ከአሸዋ ላይ ሊቀር ይችል ነበር።

በ1928 ዓ.ም. ከተጀመረው የኢጣልያ ወረራ ጋር የተሠሩት የመኪና መንገዶች የምዕራቡን ቡና ቀስ በቀስ ወደ አዲስ አበባና ወደ ጅቡቲው ባቡር አዞሩት። ኪራዩ ሱዳን በእንግሊዝና ግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ የሚጸና ስለነበር፣ ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ጋምቤላ ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰች።